ዝግተኛው ነፋስ

ተሸላሚ መሆኔን የነገረኝ እጄ ላይ የታሰረው አምባሬ ነው። በ2094 ዓ.ም. ግንቦት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የጋኖቹን ክዳን ስጠርግ የሁልጊዜውን ጥያቄ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ፣ "እንኳን ደስ አለሽ፣ ጥሩአየሁ" አለኝ። አምባር አንቱታ አያውቅም። ስልሳ አራት ዓመት ሞልቶኛል፤ ለእሱ ግን ሽማግሌውም ጨቅላውም አንድ ነው።

የሁልጊዜው ጥያቄ "ዛሬ ምን አበረከትሽ?" የሚል ነው። አምባሩ ጠዋት ይጠይቃል፣ ማታ ደግሞ የሠራነው ሁሉ ይመዘናል። የሚመዝነው የት እንዳለ ጠይቄ አላውቅም፤ እኛ መዛኙ እንለዋለን። በዓለም ላይ አንድ አዲስ ነገር በተገኘ ቁጥር ክብሩ ለማን ስንት እንደሚደርስ የሚደለድለው እሱ ነው። ድሮ ለአንድ ግኝት አንድ ሰው፣ ቢበዛ ሦስት ሰው ይሸለም ነበር ይባላል። አሁን ዘጠኝ ሺህ ሰው ይሸለማል። የቀበሌያችን ወፍጮ ቤት ባለቤት እንኳ በአንድ የጨረር ምርምር ተሸልሟል። ምን እንዳደረገ እስከ ዛሬ አልገባውም፣ ሜዳሊያውን ግን ከሚዛኑ በላይ ሰቅሎ ገበያተኛውን ሁሉ ያሳያል።

የምሠራው ጉና ተራራ ላይ ነው። አርባ የብረት ጋኖች ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ተደርድረዋል። ቁመታቸው እስከ ደረቴ ይደርሳል፣ ጎናቸው እንደ ጎጆ ሰፊ ነው። ውስጣቸው ውሃና ጨለማ ነው። ከሰማይ የሚመጣ ነገር በውሃው ሲያልፍ ትንሽ ብልጭታ ይተዋል፣ ጋኑ ብልጭታውን ይመዘግባል፣ የተመዘገበው ለአሥራ ሁለት አገር ይላካል። የእኔ ሥራ ጋኖቹን መጥረግ፣ ውሃው እንዳይጎድል ማየትና ብርሃን እንዳይገባ መጠበቅ ነው። በወረቀት ላይ ጣቢያው "ሰው አልባ" ነው የሚባለው። ሠላሳ አንድ ዓመት በሰው አልባ ጣቢያ ውስጥ ኖሬአለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር።

ሥራውን ያስተማሩኝ ከእኔ በፊት የነበሩት ጠባቂ፣ ጋሽ ክንዴ ናቸው። ውሃ ሰማይ ካላየ ይሞታል ይሉ ነበር። የጋኖቹ ውሃ ተዘግቶ የሚኖር፣ ከዘመን እስከ ዘመን የማይቀየር ውሃ ነው። በሌሎች አገሮች ጣቢያዎች ውሃው እየሻገተ ብዙ ጋን ተበላሽቷል። የጉና ውሃ ግን ሻግቶ አያውቅም። ጋሽ ክንዴ ምክንያቱን ያውቁ ነበር። ጳጉሜን ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ልጅ አዋቂው ወጥቶ በዝናቡ ሲጠመቅ፣ እሳቸው ጋኖቹን ያስጠምቋቸው ነበር። በየክዳኑ ዳር አውራ ጣት የምታህል ቀዳዳ አለች፣ በቡሽ የተደፈነች። ጋቢያቸውን እስከ መሬት ለቀው ክዳኑ ላይ ይደፉና፣ ከውስጥ ሆነው ቡሿን ነቅለው ከረጠበው ጋቢ ጥቂት የዝናብ ጠብታ ያስገባሉ። አንድ አቡነ ዘበሰማያት እስኪደግሙ ይቆዩና መልሰው ይደፍናሉ። ከአንደኛው እስከ አርባኛው እንዲህ ያደርጋሉ።

እኔም እንዲሁ አደረግኩ። አምባሬን ጎጆ ውስጥ አስቀምጬ ነው የምወጣው፤ በሩፋኤል ዝናብ ሲጠመቁ ብረት አይታሰርም። ስለዚህ መዛኙ ጳጉሜን ሦስትን ሁልጊዜ የጥሩአየሁ የዕረፍት ቀን ብሎ ነው የሚይዘው። ከአገራቱ ትብብር ሥራዎች አንዱ የጠባቂዎች ልውውጥ ስለነበር፣ በ2079 ለአሥር ወር ወደ ፔሩ ተልኬ የእነሱን ጋን ጠባቂ፣ ኤውላሊያ የምትባል ሳቂታ ሴት፣ ውሃ አያያዝ አስተማርኳት። ሩፋኤልንም አስተማርኳት። በእነሱ አገር በዚያ ወር ዝናብ ስለሌለ እሷ ከምንጭ በጭልፋ ትቀዳለች። በየዓመቱ ዋዜማው ላይ "ነገ ነው" ብዬ እልክባታለሁ። የእሷም ውሃ ከዚያ ወዲህ ሻግቶ አያውቅም።

ሽልማቱ የመጣው በዝግተኛው ነፋስ ምክንያት ነው። ነፋሱን ያገኘው ፕሮፌሰር አበጀ ይርዳው ነው። ዓለም ፕሮፌሰር ይበለው እንጂ እኔ የማውቀው የሃያ አራት ዓመት ተማሪ ሳለ ነው። ሁለት ክረምት እኔ ጎጆ፣ መደቡ ላይ ተኝቶ ነው ጋኖቹን ያጠናው። ጥርሱን ሲያመው ነጭ ሽንኩርት ያኖርኩለት እኔ ነኝ፣ የእናቱንም መርዶ ያረዳሁት እኔ ነኝ። ልጅ አልወለድኩም፤ አበጀ ይበቃኛል እል ነበር።

አበጀ ያየው ነገር ይህ ነው። በዓመት አንድ ጠዋት ጋኖቹ ተራ በተራ ትንሽ ትንሽ ይበራሉ፤ መጀመሪያ አንደኛው፣ ቀጥሎ ሁለተኛው እያለ እስከ አርባኛው። ሁሉንም ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። አንድ የማይታይ ነገር ከከዋክብት መሐል መጥቶ መሬትን እየዳሰሰ የሚያልፍ ይመስላል። "በሰው እርምጃ የሚሄድ ነፋስ" ብሎ ጻፈ፣ እሷ አባባል በየቋንቋው ተተረጎመች። ከስምንት ሰዓት በኋላ ያው ነፋስ ፔሩ ላይ ይታያል፤ መሬት ስትዞር እዚያ የምትደርስበት ሰዓት ነው አሉ። እነሆ ደግሞ ነፋሱ ጉና ላይ ከዓመት ዓመት እየዘገየ መጣ። ይህ ሁለተኛው ግኝት ሆነ፤ ስለ መዘግየቱ ብቻ ሦስት መቶ ጥናት ተጽፏል ብሎኛል።

የሚጠራጠሩም ነበሩ። አንዲት የፊንላንድ ሴት፣ ይህ ነገር በየዓመቱ ሴፕቴምበር 8 መምጣቱ የሰው እጅ ቢኖርበት ነው ብላ ተከራከረች። አበጀ መልስ አዘጋጀላት። የፈረንጆቹ ካሌንደር በእነሱ 2100፣ በእኛ 2092 መሆኑ ነው፣ ፌብሩዋሪ 29ን ይዘልላል፣ ከዋክብት ግን ምንም አይዘልሉም። ነፋሱ የሰው ሥራ ከሆነ እንደ ልማዱ በ8 ይመጣል፤ የከዋክብት ከሆነ ግን በ9 ይመጣል አላት። ዓለም ሁሉ ያችን ቀን ጠበቀ። ነፋሱ በ9 መጣ። አበጀ ያን ዕለት ስልክ ደውሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ እኔም እልል አልኩለት። የፊንላንዷ ሴት ይቅርታ ጻፈችለት። ከዚያ ወዲህ የሚጠራጠር አልተገኘም።

ሰኔ ላይ አበጀ ከስድስት አገር እንግዶች ጋር ተራራው ላይ ወጣ። ተሸላሚዎች በሥራ ቦታቸው እንዲጎበኙ አዲስ ደንብ ወጥቷል። በጎጆዬ ግድግዳ ላይ የነፋሱን ምስል አሳየን። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ጋኖቹን ስጠብቅ ምስሉን አይቼው አላውቅም ነበር፤ ማንም ላሳይሽ አላለኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

አርባ ክብ በጨለማ ውስጥ ተደርድሯል። አንደኛው በራ፣ ጠፋ። ሁለተኛው በራ፣ ጠፋ። አሥራ ስድስተኛው ከጠፋ በኋላ ብርሃኑ ቆየት ብሎ ነው ወደ አሥራ ሰባተኛው የተሻገረው። በሁለቱ መሐል ጎርፍ የሸረሸረው ቦይ አለ፤ እኔ ዞሬ ነው የማልፈው። ሃያ ሦስተኛው ጋር ደረሰና ቆመ። ጨለማ ሆነ። እንግዶቹ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ጠበቁ፤ አንዱ በጣቱ "እዩ፣ እዚህ ጋ ነው" እያለ ያሳያል። እዚያ ጋን አጠገብ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለች። እዚያች ላይ ነው ጉልበቴን እያሸሁ የማርፈው። ከዚያ ሃያ አራተኛው በራ።

አበጀ የድሮዎቹን ዓመታትም አሳየን። በ2070 ብርሃኑ ፈጣን ነበር፣ ሃያ ሦስተኛው ላይም አላረፈም። 2083 ወድቄ እግሬ የተሰበረበት ዓመት ነው፤ ብርሃኑ ያነክሳል። ሰው ራሱን በመስተዋት አይቶ እንደሚደነግጥ ደነገጥኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስራመድ ራሴን ግድግዳው ላይ አየሁ፣ ስሜም ነፋስ ነበር።

እንግዶቹ ምሳ ሲቀርብላቸው አበጀን ወደ ጋኖቹ ይዤው ወጣሁ። ሃያ ሦስተኛው አጠገብ ስንደርስ ድንጋይዋ ላይ ተቀመጥኩ።

"አበጀ፣ ነፋሱ እዚህ ጋ ለምን ይቆማል?" አልኩት።

"እሱን ነው እኮ ሃያ ዓመት የፈለግነው፣ እትዬ። የተራራው ቅርጽ ነው የሚሉ አሉ።"

"ጉልበቴ ነው" አልኩት።

ሁሉንም ነገርኩት፤ ጋሽ ክንዴን፣ ጋቢውን፣ ቡሿን፣ ኤውላሊያን፣ ማለዳ ተነስታ በራሷ ሰዓት እንደምትጀምር ሳይቀር። ጋቢ ብርሃንን ሙሉ በሙሉ እንደማይከለክል አሁን ገና ነው የገባኝ አልኩት። አልተቆጣም። ፊቱ ግን እናቱ የሞተች ዕለት እንደነበረው ሆነ።

"በ92ስ? በ9 ነው እኮ የመጣው" አለኝ።

"እኔ ምን አውቄ። ሩፋኤል የዋለ ዕለት ነው የወጣሁት።"

ስሙ በየአገሩ የሚጠራ ሰው በጣቱ መቁጠር ጀመረ። የፈረንጅ ካሌንደር በዚያ ዓመት አንድ ቀን ዘለለ፤ የእኛ አልዘለለም። የእኛ ዘመን አቆጣጠር እንደ ከዋክብቱ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ጳጉሜን ሦስት ከ8 ወደ 9 ተሻገረ፣ እኔም አብሬ ተሻገርኩ። የፊንላንዷን ሴት ዝም ያሰኛት እኔ ነበርኩ። አበጀ የጎንደር ልጅ ነው፣ ሩፋኤል መቼ እንደሚውል ከማንም በላይ ማወቅ የነበረበት እሱ ነው። ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ሥራውን የሠራው በእነሱ ካሌንደር ነው።

"ለማን ለማን ነግረዋል?" አለኝ በመጨረሻ።

"ላንተ።"

"እርስዎ ምንም አላጠፉም፣ እትዬ" አለና ወደ እንግዶቹ ሄደ።

ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። አበጀ በቁጥር አይዋሽም፤ ተማሪ ሳለ በአንድ አኃዝ ስህተት ሦስት ሌሊት ያልተኛ ልጅ ነው። ሰኔ አለፈ። ምንም አልሰማሁም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኔ ግን ነቀዝኩ፣ እህል አልበላልኝ አለ። እሱ ቢናገር የሕይወቱ ሥራ ይፈርሳል፣ ሳይናገር ቢቀር ደግሞ እሱ ራሱ ይፈርሳል። የቸገረኝ ይህ ነው። ስለ ነፋሱ ግድ አልነበረኝም።

ከሽልማቱ በፊት መዛኙ እያንዳንዱን ተሸላሚ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ስለ ሥራው የምታውቀው ሁሉ ተመዝግቧል ወይ ይላል። ሰው ሁሉ አዎ ይላል። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ጥያቄው ሳያልቅ አዎ እንዳለ ነግሮኛል። እኔ አይደለም አልኩ። አምባሬን አፌ አጠገብ ይዤ ሩብ ሰዓት ያህል አወራሁ። አበጀን አላነሳሁም፤ የራሴን ብቻ ተናዘዝኩ። ትንሽ ቆይቶ መልስ መጣ።

"ምስክርነትሽ ተመዝግቧል። ጣቢያው ሰው አልባ በመሆኑ፣ በተጠቀሱትም ቀናት አንቺ ዕረፍት ላይ ስለነበርሽ፣ ቃልሽ ከሁለቱ ጣቢያዎች ማስረጃ ጋር ሲመዘን ክብደት የለውም። ስለ ትብብርሽ ድርሻሽ ከፍ ብሏል።"

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። መዛኙን ያላየ ሰው የተናገረው ነው።

ኤውላሊያ ጋ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ስለ ልጆቿ አነሳች። የሷ ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት በነፋሱ ስም ነው የተሰየመው። እኔ ዘንድሮ አልወጣም ስላት፣ አንቺ ብትተዪም እኔ አልተውም አለችኝ፤ ውሃዬ ይሻግታል። እንግዲህ ነፋሱ ፔሩ ላይ ነፍሶ ጉና ላይ ሊቀር ነው። ያኔ ይጠይቃሉ፣ ያኔ ሰው ልከው ያያሉ። አበጀ ሳይናገር ቢቀር ተራራው ይናገራል ብዬ ተጽናናሁ።

ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ተሸለምን። የአሥራ ሁለት አገር ባንዲራ ተሰቅሎ፣ ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት ስም በግድግዳው ላይ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ሁለት ሰዓት ፈጀ። የእኔ ስም ሲያልፍ አላየሁትም፤ እያሳለኝ ነበር። አንድ ትልቅ ሰው ተነስተው ይህ ነፋስ ድንበር እንደማያውቅ፣ አሥራ ሁለት ሕዝቦችን አንድ እንዳደረገ ተናገሩ። አራት ሌሎች አገሮች አዲስ ጋን እየሠሩ መሆናቸውንም አበሰሩ። አዳራሹ አጨበጨበ። አበጀ ከሁሉም በኋላ ወጥቶ በጣም አጭር ንግግር አደረገ። ነፋሱ በ9 ስለ መምጣቱ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ይህን ልብ ያልኩት እኔ ብቻ መሰለኝ።

ከመድረኩ ወርዶ ወደ ተቀመጥኩበት መጣና፣ ሰው ሁሉ እያየ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። ትልቅ ሰው እንደሚከበረው ነው ያከበረኝ፣ እንግዶቹም ባህላችሁ ምንኛ ደስ ይላል አሉ። እኔና እሱ ግን ምን እየሳመ እንደሆነ እናውቃለን። ቀና ሲል ዓይኔን አላየም።

ጳጉሜን ሁለት ከሰዓት በኋላ ብቻውን ተራራው ላይ መጣ። ጎጆውን ናፍቄ ነው አለኝ። ራት አቀረብኩለት። ነገ አልወጣም አልኩት። እሺ አለ። ስለ ሌላ ነገር ተጨዋወትን፤ ስለ እናቱ ቤት፣ ስለ ጥርሱ። እንደ ድሮው መደቡ ላይ ተኛ፣ እኔም ስንት ሳምንት ያጣሁትን እንቅልፍ ተኛሁ። ልጄ ሊናገር መጥቷል፣ ነገ አጠገቤ ቆሞ ጨለማውን ጋን ለዓለም ሊያሳይ ነው ብዬ አምኜ ነበር።

ጠዋት ዝናብ ቀሰቀሰኝ። መደቡ ባዶ ነው። ትራሱ ላይ አምባሩ ተቀምጧል። ጋቢዬ ከሚስማሩ ላይ የለም።

ወጣሁ። አራተኛው ጋን ላይ ተደፍቶ አገኘሁት። ሃምሳኛ ዓመቱን ሊይዝ ትንሽ የቀረው፣ አገር የሚያውቀው ሰው፣ ጋቢዬን ራሱ ላይ ብቻ ጣል አድርጎ፣ ቡሿን በጥርሱ ይዟል። ከዳርና ዳር ብርሃኑ እየገባ ነው። ሌላ ትንሽ ቢቆይ በጋኑ ውስጥ ያለው፣ ብልጭታውን የሚያየው የመስተዋት ዓይን ይቃጠል ነበር። መጥቼ አጠገቡ ስቆም አልደነገጠም፣ ቡሿን ከአፉ አወጣ።

"ዘንድሮን ብቻ፣ እትዬ" አለኝ። "አዲሶቹ ጋኖች እስኪቆሙ። ከዚያ እኔው ራሴ እናገራለሁ።"

ውሸቱን እንደሆነ አውቄአለሁ። እሱም እንዳወቅኩ አውቋል። ልቤ በአንድ ጊዜ አዘነለትም ተጸየፈውም። ትቼው መግባት እችል ነበር፤ አርባውንም ጋን አቃጥሎ፣ ራሱንም አዋርዶ ይጨርስ ነበር። ግን ጋኖቹ የእኔ ናቸው። እሱም የእኔ ነው።

"እንደዚህ አይደለም" አልኩት። ጋቢውን ከራሱ ላይ ወስጄ እስከ መሬት ለቀቅኩት፣ ሁለታችንም ከሥሩ ገባን። ቡሿን ነቅዬ፣ የሚገባውን ያህል ቆይቼ፣ መልሼ ደፈንኩ። አምስተኛው ላይ እሱ ደፈነ። ስድስተኛው ላይ ትንሽ እንዲፈጥን ነገርኩት፣ ሰባተኛው ላይ ዝግ እንዲል። ዝናቡ እየበረታ ሄደ።

ሠላሳ አንድ ዓመት እነዚያን ቀዳዳዎች ስከፍት አንድም ቀን ፈርቼ አላውቅም ነበር። ያን ዕለት እስከ አርባኛው ጋን ድረስ ዙሪያዬን እየገላመጥኩ ሄድኩ።